የጀበርቶች ሪዋቅ

ጥንት ከሀገራችን ተነስቶ ዒልም ፍለጋ ካይሮ የዘለቀ ደረሳ የት ያድር፣ ምን ይበላ እንደነበር አስበህ ታውቃለህን? እ.ኤ.አ. በ972 የመጀመሪያው የጁምዓ ሶላት የተሰገደበት አል-አዝሀር፣ ደረሶቹን በየሀገራቸው በተለየ «ሪዋቅ» ያኖር ነበር። ለዘይላዕና ለኢፋት ልጆች የጀበርቶች ሪዋቅ ነበራቸው። ከወቅፍ ገቢ ዳቦ ይታደላል፤ ዳቦው ከጠፋ ቂርኣቱም አበቃ ማለት ነው!

የታሪክ ጸሐፊው የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አያት ቅድመ አያቶች የዚሁ ሪዋቅ ሸኾች ነበሩ። በኦክቶበር 1798 የናፖሊዮን ወታደሮች ፈረሶቻቸውን መስጊዱ ውስጥ እንዳሰሩ፣ ፋኖሶቹንና የደረሶቹን ሣጥኖች እንደሰባበሩ የጻፈልን እርሱ ነው። ከደረሳ ሣጥን ምን ሊገኝ ኖሯል? በእጅ የተገለበጠ ኪታብና የነገ ዳቦ ካልሆነ! በ1800 ጄኔራል ክሌበር ሲገደል አል-አዝሀር ተዘጋ፤ ዳግም የተከፈተው በ1801 ፈረንሳዮች ሲወጡ ነው።