ከጡት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ መቼ ያሳስባል?

ከጡት ጫፍ ፈሳሽ መውጣቱ ብቻውን ካንሰር ነው ማለት አይደለም። በእርግዝና ወቅት፣ ጡት ካስጣሉም በኋላ ለወራት ወተት መሰል ፈሳሽ ሊታይ ይችላል። ነፍሰ ጡርም አጥቢም ባልሆነች ሴት ላይ ሲከሰት ግን ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን የተሰኘ ሆርሞን በአንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ በአንጎል ሥር ባለችው ዕጢ እብጠት ወይም የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲዳከም ይጨምራልና። በደጋው እንቅርት ያለባት ሴት ይህንንም ለሐኪሟ ልትነግር ይገባል።

ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ውኃ የጠራ፣ ሳይጨመቅ ከአንድ ጡት ብቻ የሚወጣ ፈሳሽ፣ በተለይም እብጠት ካለ፣ አፋጣኝ ምርመራ ይሻል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው በወተት ቱቦ ውስጥ የበቀለ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ ዕጢ ቢሆንም፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። አርሶ አደሩ ከላሙ ግት ደም ሲያይ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ይጠራል፤ እናቶች ግን የራሳቸውን በሀፍረት ይደብቃሉ። የደባርቅም ሆነ የጃናሞራ ነዋሪ በአቅራቢያዋ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምራ፣ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች። እስከዚያው ጡትን ደጋግሞ መጭመቅ ፈሳሹን ያባብሳል።