ዋላ ወደ ቅድስት አገር ስለ መመለሱ

መዝሙረ ዳዊትን የሚደግም ሰው ሁሉ በ41ኛው መዝሙር ውኃ የሚናፍቀውን ዋላ ያውቀዋል፤ በግዕዙ ኀየል ይባላል። ነገር ግን በአገራችን የእውነተኛው ዋላ ወገን ስለሌለ፣ ብዙዎቻችን በልባችን የምንሥለው ድኵላን ወይም አጋዘንን ነው። የእነዚህ ቀንድ አንድ ጊዜ ከወጣ እስከ ሞት ይኖራል፤ የወንዱ ዋላ ቀንድ ግን በየዓመቱ ወድቆ፣ በየዓመቱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይበቅላል።

የሚያሳዝነው፣ መዝሙሩ በተዘመረባት ምድር ዋላ ጠፍቶ መኖሩ ነው። ጠመንጃ በበዛ ጊዜ አዳኝ ጨረሰው፤ መጠለያው የነበረው የባሉጥ ደንም ለከሰልና ለማገዶ ተቈረጠ፤ ከ1914 እስከ 1918 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሆነው ጦርነት ደግሞ ለቱርክ ምድር ባቡር ማገዶ ብዙ ዛፍ ወደቀ። የፋርስ ዋላ የተባለው ወገን ከዓለም እንደ ጠፋ ሲቈጠር ኖሮ፣ በ1956 በኢራን፣ በኩዚስታን ወንዞች ዳር ባለው ጥሻ ጥቂቶች ተገኙ። በ1978 መጨረሻ፣ የኢራን አብዮት በተፋፋመበት ወራት፣ አራት እንስቶች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ፤ በቀርሜሎስ ተራራ በተከለለው ሥፍራም ቀድመው ከጀርመን አገር ከመጡት ጋራ ተዋልደው በዙ።

ዋላ ግን በራቈተ ኮረብታ አይኖርም፤ የሚሸሸግበት ጥሻ፣ የሚቀነጥበው ለጋ ቅጠል፣ የማይደርቅ ምንጭ ይሻል። በሰው እጅ በተተከለው የጥድ ደን ጥላው ስለሚከብድ ከሥር የሚበቅለው ጥቂት ነው፤ ጥዱ ሲሳሳ ብርሃን ይገባል፣ ባሉጡም ከጕቶው ያቈጠቍጣል። ፍየል በማይሰማራበት ሥፍራ ደግሞ ጥሻው እጅግ ጠብቆ ማለፊያ ያሳጣልና፣ እዚህም እዚያም ሣር የሚበቅልበት ገላጣ መክፈት ያስፈልጋል። ደን ማልማት መትከል ብቻ ለሚመስለን ይህ እንግዳ ነገር ነው።

በ1996 የመጀመሪያዎቹ በገሊላ፣ ውኃ በሚወርድበት በክዚቭ ሸለቆ ተለቀቁ፤ ይኸውም አስቀድመው በአጥር ውስጥ ቦታውን ከለመዱ በኋላ ነው። ከ2005 ጀምሮ ሌሎች ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ፣ በሶምሶን ታሪክ በምናውቀው በሶሬቅ ሸለቆ ተለቀቁ። በዚያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ጐድተዋቸዋል። ቢሆንም ወደ ዓይን ካሪም የሚወርድ ተሳላሚ ማልዶ ቢነሣና ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ፣ ከባሉጡ ሥር ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ ዋላ ቆሞ ያይ ይሆናል።