የንግሥቲቱ ስም በአባያ ላይ

በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን ባየ ጊዜ ሐይቁን በንግሥቱ በማርገሪታ ስም ጠራው። አገሩ አድዋ ላይ ድል የተመታችበት ዓመት ነበር፤ የወላይታው ካዎ ጦናም ለምኒልክ ጦር ከተማረኩ ገና ዓመት ቢሆን ነው። ካርታ ሠሪዎች ስሙን ለአሥርታት ተቀባበሉት። የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ግን ካርታ ሳይሹ ውኃውን ሲሻገሩ ኖረዋል። ከእነርሱ መካከል የባይሶዎች ቋንቋ ከወላይትኛና ከጋሞኛ ይልቅ ለሶማሊኛ ይቀርባል፤ ይህም ከሩቅ የመጣ የሰው ታሪክ እንዳለ ይጠቁማል።

እንግዲህ ከሶዶ ተነሥቶ ደሴቲቱን በአንድ ቀን ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ዋዜማውን አርባ ምንጭ ይደር። ሐይቁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አዞና ጉማሬም አለበት። ስለዚህ የመነሻና የመመለሻውን ሰዓት ባለጀልባው ይወስንለት። የሐይቁንም ስም ከእርሱው ይጠይቅ።