የሌሊቱን ሳል በሳህን የያዙት ሴቶች

ሕፃን ልጅ ሲያስለው ያደረበት ቤት አድራችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው፣ ያልፋል። ትክትክ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ትንፋሽ እስኪያጥረው ያስለዋል፣ ከዚያ አየር ሲስብ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይወጣዋል። በጣም ትንንሾቹ ጋ ያ ድምፅ ላይኖር ይችላል፤ ዝም ብሎ ትንፋሻቸው ቆም ይላል። ሌሊቱን የሚያስፈራው ይሄ ነው።

ባክቴሪያውን ለይተው ያሳደጉት ቦርዴና ዣንጉ ናቸው፣ በ1906 እ.ኤ.አ.፣ ቤልጂየም ውስጥ። ባክቴሪያው በአየር ቧንቧ ውስጥ አክታ የሚጠርጉትን ፀጉር መሰል ጥቃቅን ነገሮች ይጎዳል። እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ የሚታየኝ የቆመ የፋብሪካ ቀበቶ ነው፦ ዕቃው ይከማቻል፣ ማስወጫው ማሳል ብቻ ይሆናል። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ሳሉ ለሳምንታት የሚቆየው ቀበቶው እስኪጠገን ነው።

አሁን ወደ 1932 እንሂድ፤ አሜሪካ፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ ቀን የላቦራቶሪ ሥራቸውን ጨርሰው ማታ ማታ በየቤቱ ይዞራሉ፤ አንዳንዱ ቤት መብራቱ ኩራዝ ነው። (ኤልደሪንግ ራሷ በልጅነቷ ትክትክ ይዟት ነበር።) የባክቴሪያ ምግብ ያለበት ሳህን አፉ ፊት ይዘው ልጁን «ሳል» ይሉታል። ሳህኑ ላይ ባክቴሪያው ካደገ ልጁ ገና ያስተላልፋል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ብዙዎቹ ልጆች እስከ አራት ሳምንት ገደማ እንደሚያስተላልፉ አዩ።

ከዚያ የተገደለ ባክቴሪያ ክትባት ሠሩ፤ መጀመሪያ የወጉት ራሳቸውን ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ከተከተቡት 712 ልጆች የታመሙት 4 ሲሆኑ፣ ካልተከተቡት 880 ውስጥ ግን 45 ታመሙ። ደስ ይላል አይደል? ግን ሁለቱ ቡድኖች በእርግጥ ይመሳሰላሉ ወይ? እኔ በጣም የምወደው ይሄን ቦታ ነው። ዌድ ሃምፕተን ፍሮስት የተባለውን የወረርሽኝ ጥናት ሊቅ ጠርተው ሥራቸውን አስፈተሹ፣ የማነጻጸሪያውን አመራረጥም አሻሻሉ። ክትባቱ አሁንም ሠራ። በኋላ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኬሚስት ሎኒ ጎርደን ጠንካራ የባክቴሪያ ዘር አግኝታ ክትባቱን አሻሻለችው።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ጭን ላይ የሚወጋው «ፔንታ» ውስጥ የትክትክ ክትባት አለ። ከ6 ሳምንት በፊት ያለው ሕፃን ግን ገና አልተከተበም። እሱ ሌሊት ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ካሳለው የሳል ሽሮፕ አይሰጠውም፤ ማርም ለማንኛውም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሆንም። በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ይወሰዳል።