የቴሌቪዥን ምስል ቱቦ መመርመሪያ

የምስል ቱቦ መመርመሪያ (ሲአርቲ ቴስተር) በአሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው የምስል ቱቦ ምን ያህል ጤናማ እንደሆነ ለማወቅ የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። በጥገና ቤቶች «ቴስተር» ሲባል ብዙ ጊዜ መልቲሜትር ማለት ነው፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። መልቲሜትር የማሞቂያ ሽቦው መበጠስ አለመበጠሱን ያሳያል፤ ቱቦው በቂ ኤሌክትሮን ማመንጨቱን ግን አያሳይም።

ዋና ዋናዎቹ ፋብሪካዎች የምስል ቱቦ ማምረት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። የሞተ ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚተካው ከሌላ አሮጌ ቴሌቪዥን በተነቀለ ቱቦ ነው። በመሆኑም መመርመሪያ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ የሚያሳየው ውጤት ቱቦው በእርግጥ ከሚሠራበት ሁኔታ ጋር ይገናኛል ወይ? ቱቦውንስ ሳይጎዳ ይመረምራል ወይ?

የቱቦው አሠራር

የምስል ቱቦ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ዕቃ ነው። የመነሻውን የካቶድ ጨረር ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ነው። በቱቦው አንገት ውስጥ የሚገኘው የኤሌክትሮን መተኮሻ የሚከተሉት ክፍሎች አሉት፦

- ማሞቂያ ሽቦ፦ ካቶዱን የሚያግል ሲሆን በብዙ ቱቦዎች በ6.3 ቮልት ይሠራል።
- ካቶድ፦ ባሪየምና ስትሮንሺየም ኦክሳይድ የተቀባ ሲሆን ሲግል ኤሌክትሮን ያመነጫል።
- አንደኛው ግሪድ (ጂ1)፦ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ከካቶዱ አንጻር ኔጋቲቭ በመሆን የጨረሩን መጠን ይቆጣጠራል።
- ሁለተኛው ግሪድ (ጂ2)፦ ፖዘቲቭ በመሆኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ፊት ይስባል።
- አኖድ፦ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ስክሪኑ ያስፈነጥራል። በትልልቅ ባለ ቀለም ቱቦዎች 25,000 ቮልት ገደማ ይደርሳል።

ባለ ቀለም ቱቦ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ካቶዶች አሉት። ካቶድ ሲያረጅ የሚያመነጨው ኤሌክትሮን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ደማቅ ቦታዎችም ብርማ መልክ ይይዛሉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከደከመ ደግሞ የምስሉ ቀለም ወደ ሌሎቹ ያደላል።

መመርመሪያው የሚያያቸው ነገሮች

- ሾርት እና የሚሾልክ ኤሌክትሪክ፦ በማሞቂያና በካቶድ ወይም በካቶድና በጂ1 መካከል መኖር የሌለበት ግንኙነት መኖሩን ያያል።
- ኤሚሽን፦ ካቶዱ ምን ያህል ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ ይለካል።
- ከት-ኦፍ፦ በጂ1 ላይ ያለው ኔጋቲቭ ቮልት ጨረሩን ሙሉ በሙሉ የሚያቆምበትን ነጥብ ያሳያል።
- የሦስቱ ቀለሞች ሚዛን፦ ሦስቱም ደካማ ሳይሆኑ እርስ በርስ በጣም ከተራራቁ ትክክለኛ ነጭ ማግኘት ያስቸግራል።
- የቀሪ ዕድሜ ፍንጭ፦ የማሞቂያው ቮልት ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። ኤሚሽኑ ወዲያው ከወረደ ካቶዱ ወደ ማለቂያው ተቃርቧል ማለት ነው።

ሁለቱ የአለካክ ስልቶች

ለምርጫው ዋናው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀላሎቹ መመርመሪያዎች ካቶዱንና ጂ1ን እንደ ዳዮድ ቆጥረው በመካከላቸው የሚያልፈውን ከረንት ይለካሉ። በዚህ ስልት የሚለካው ከመላው የካቶድ ገጽ የሚወጣው ኤሌክትሮን ነው። ምስል የሚሠራው ግን በጂ1 ቀዳዳ ትይዩ ካለችው ትንሽ የመሐል ክፍል የሚወጣው ብቻ ነው። ስለዚህ መሐሉ ያለቀ፣ ዳሩ ግን ደህና የሆነ ካቶድ በመለኪያው ላይ «ጥሩ» ሊባልና ስክሪኑ ላይ የደበዘዘ ምስል ሊሰጥ ይችላል።

የተሻሉት መመርመሪያዎች ለጂ1 ኔጋቲቭ፣ ለጂ2 ፖዘቲቭ ቮልት ሰጥተው በጂ1 ቀዳዳ በኩል የሚያልፈውን ከረንት ይለካሉ። ይህ ቱቦው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ከሚሠራበት ሁኔታ ጋር ስለሚቀራረብ ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል።

ከቱቦው ጋር መጣጣም

የቱቦው ስም ብዙ ይናገራል። በአሜሪካ አሰያየም 10ቢፒ4 ሲል 10 የስክሪኑን ዲያሜትር በኢንች፣ ፒ4 ነጭ ፎስፈርን ያመለክታል፤ ፒ22 ከሆነ ባለ ቀለም ነው። 10ቢፒ4 እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ በቀረበው አርሲኤ 630-ቲኤስ ቴሌቪዥን ላይ ያገለገለ ቱቦ ነው። በአውሮፓ አሰያየም ኤ66-120ኤክስ ሲል 66 የስክሪኑ ሰያፍ ልኬት በሴንቲሜትር ሲሆን፣ መጨረሻው ኤክስ ከሆነ ባለ ቀለም፣ ደብልዩ ከሆነ ጥቁርና ነጭ ነው።

መመርመሪያ ከመገዛቱ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፦

- ሶኬትና አዳፕተር፦ የቱቦዎች እግር አደራደር ይለያያል። ለምሳሌ 7 ኢንቹ 7ጄፒ4 ባለ 14 እግር ሲሆን ከ10ቢፒ4 ሶኬት ጋር አይገጥምም። አዳፕተሮቹና የማስተካከያ ሰንጠረዡ የሌሉት መመርመሪያ በርካሽ ቢገኝም ጥቅሙ ትንሽ ነው።
- የማሞቂያ ቮልት፦ ከ6.3 ቮልት ሌላ 2.35፣ 2.68 እና 8.4 ቮልት የሚፈልጉ ቱቦዎች አሉ። ለ2.35 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ከተሰጠው ይቃጠላል።
- የጂ2 ቮልት፦ አንዳንድ ጥቁርና ነጭ ቱቦዎች የሚሠሩት በ50 ቮልት ገደማ ጂ2 ነው። መሣሪያው ቮልቱን ዝቅ ማድረግ ካልቻለ ውጤቱ ያሳስታል፤ ቱቦውም ሊጎዳ ይችላል።
- የጋራ ግሪድ፦ በቀደሙት ባለ ቀለም ቱቦዎች እያንዳንዱ መተኮሻ የራሱ ጂ1 አለው። ከ1970ዎቹ ወዲህ በተስፋፉት ብዙ ቱቦዎች ግን ጂ1 ለሦስቱም የጋራ ስለሆነ፣ መሣሪያው ካቶዶቹን ለየብቻ መቆጣጠር መቻል አለበት።
- የመብራት ኃይል፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት መመርመሪያዎች በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ይሠራሉ። እንደ ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ባለበት አገር ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

የታወቁ መሣሪያዎች

በአሮጌ ቴሌቪዥን አዳሾች ዘንድ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው የቺካጎው ቢ ኤንድ ኬ እና በሳውዝ ዳኮታ ሱ ፎልስ ከተማ የነበረው ሴንኮር ናቸው። ቢ ኤንድ ኬ 467 ሦስት መለኪያዎች ስላሉት የሦስቱን ቀለሞች ሁኔታ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያሳያል። ከሴንኮር ሲአር70 በሰፊው ይታወቃል። ሂዝኪት ደግሞ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን አይቲ-5230 ሸጧል። ሁሉም አሁን የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው፤ ስለዚህ የመሣሪያው የራሱ ካፓሲተሮችና የሚሰጣቸው ቮልቶች በመልቲሜትር ሳይረጋገጡ ቱቦ ላይ መግጠም አይመከርም።

ማደስና አደጋው

ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ቱቦን «የማደስ» ቁልፍም አላቸው። ማሞቂያው በርቶ ሳለ ጂ1 ከካቶዱ አንጻር ፖዘቲቭ ይደረግና ከባድ ከረንት ይሳባል። ይህም የካቶዱን የላይኛውን የተበከለ ንጣፍ ያነሳል። ሲሳካ ደብዛዛው ምስል ይመለሳል፤ ሳይሳካ ሲቀር ግን የካቶዱ ቅብ አብሮ ይላጣል ወይም የካቶዱ ማገናኛ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ መመለሻ የለም። ስለዚህ ማደስ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ሲደረግም ከዝቅተኛው ኃይል ይጀመራል።

ከዚያ በፊት ቀለል ያሉ እርምጃዎች አሉ። ለዓመታት ሳይሠራ የቆየ ቱቦ ማሞቂያው በትክክለኛው ቮልት ለረጅም ጊዜ ሲበራ ኤሚሽኑ በራሱ ሊጨምር ይችላል። ማሞቂያና ካቶድ ከተነካኩ ደግሞ ሾርቱን ለማቃጠል መሞከር ማሞቂያውን ሊበጥሰው ይችላል፤ ለማሞቂያው የተለየ ትራንስፎርመር መስጠት የተሻለ ነው። የደበዘዘ ምስልም ሁልጊዜ የቱቦ ድካም አይደለም፤ የጂ2 ወይም የአኖድ ቮልት ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

በአንገቱ ውስጥ የሚታየው ብርማ ቅብ (ጌተር) ወተት መስሎ ከነጣ ግን አየር ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቱቦ የትኛውም መመርመሪያ አያድነውም።

ጥንቃቄ

ምርመራ የሚደረገው ቴሌቪዥኑ ከመብራት ተነቅሎ ነው። አኖዱ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላም ከፍተኛ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በተሸፈነ ሽቦ ከቱቦው የውጭ ጥቁር ቅብ መሬት (ግራውንድ) ጋር ተገናኝቶ መራገፍ አለበት። አንገቱ የቱቦው ደካማ ክፍል በመሆኑ ሶኬት ሲነቀልም ሆነ ሲገጠም ወደ ጎን መጫን አይገባም፤ ቱቦውንም በአንገቱ ይዞ ማንሳት ክልክል ነው። ቱቦው አየር አልባ ስለሆነ ሲሰበር የመስታወቱ ስባሪ በኃይል ይበተናል፤ ስለዚህ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ያስፈልጋል።