ጥንተ አፈር

ከዲላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ብዙም ሳይርቅ አገሩ ሲለወጥበት ያያል። ላይ ቡናና እንሰት በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላሉ፤ አፈሩ ቀይ ነው፣ ዝናቡም ካልሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል። ደረቅ ቆላ ላይ ግን ትነቱ ስለሚያይል ካልሲየሙ እዚያው ይቀርና ነጫጭ የኖራ ጓል ይሠራል። ጓሉ መገኘቱ ብቻ የድርቀት ምልክት ነው።

እንዲህ በአንድ ዘመን አየርና ዕፅዋት ሥር የተፈጠረ አፈር ደለል ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ሸፍኖት ለሺህ ወይም ለሚሊዮን ዓመታት ሲቆይ፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች «ፓሊዮሶል» ይሉታል። እኔ «ጥንተ አፈር» የሚለውን እመርጣለሁ። «የተቀበረ አፈር» ካልነው አምና ጎርፍ የሸፈነውን ማሳ ጭምር ያጠቃልላል፤ እዚህ የሚፈለገው ግን የጠፋ መልክዓ ምድር ምስክር የሆነው ነው።

ምስክርነቱ ያለው በካርቦኑ ውስጥ ነው። ዛፍ፣ ቡናና እንሰት ከባዱን ካርቦን 13 የሚወስዱት ከቆላ ሣር፣ ከማሽላና ከበቆሎ ባነሰ መጠን ነው። ልዩነቱ ከሺህ 14 እጅ ገደማ ቢሆንም ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ አይስተውም። ከሥርና ከብስባሽ የሚወጣው ካርቦን ኖራው ውስጥ ስለሚገባ፣ ጓሉን የመረመረ ሰው በዚያ ቦታ ሣር ወይስ ዛፍ ይበዛ እንደነበር ይገምታል።

ግምቱ ግን ያከራክራል። አፋር፣ አራሚስ ላይ አጥንቷ የተገኘው የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ቲም ዋይትና ባልደረቦቹ መኖሪያዋ ደን ቀመስ ነበር አሉ። በዓመቱ ቱር ሰርሊንግና ሌሎች ተመራማሪዎች የዚያኑ ቡድን የጥንተ አፈር መረጃ ይዘው፣ የዛፉ ጥላ ከመሬቱ ሩቡን ቢሸፍን ነው፣ የበዛው ሣር ነው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ዘዴውን አያሳንሰውም፤ ይልቁንም አጥንትና አፈር አብረው መነበብ እንዳለባቸው ያሳያል።

ወደ ዲላ አካባቢ ስንመለስ፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጨልባ ቱቱቲና በቱቶ ፈላ ትክል ድንጋዮች ዙሪያ የነበረው ደን መቼ ለእንሰት ቦታውን እንደለቀቀ መታወቁን አጥብቄ እሻለሁ። እዚህ ካርቦን ብቻውን አይበቃም፤ እንሰትም የደን ዛፍም አንድ ዓይነት አሻራ ይተዋሉና። እንሰትን የሚለየው ፋይቶሊት፣ ማለትም ቅጠሉ ሲበሰብስ አፈር ውስጥ የሚቀረው ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣት ነው።