ከጎጀብ ወንዝ ዳር፤ የሐዲስ ዓለማየሁ የምርኮ መንገድ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ ጎጀብን ሲሻገር ካፋ ገባ ማለት ነው። በዚሁ ወንዝ አጠገብ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር በጠላት ተከቦ እጁን ሰጠ። ከተማረኩትም አንዱ ኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ።

ሐዲስ የተወለዱት በጎጃም፥ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ቅኔውን እዚያው ተምረው በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ፤ ጦርነቱም ሲነሣ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ግንባሩ ከተፈታ በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ፥ የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ከሳቸው ጋር ተባበረ።

የሐዲስን ልብ ወለድ የሚመረምሩ ሰዎች ምንጩን ሁልጊዜ በጎጃም ብቻ ይፈልጋሉ። እውነት ነው፤ ቅኔው፥ ተማሪው፥ መሳፍንቱ ሁሉ የጎጃም ናቸው። እኛ ግን ጎጀብም ሊዘነጋ አይገባውም እንላለን። ያ ጦር የተጓዘው ገባር ለመልከኛ ሲሠራ በኖረበት አገር ነው፤ ካፋም ራሷ ከ1889 ዓ.ም. ዘመቻ ወዲህ ይህን ቀንበር እጅግ ከብዶ ያየች ናት። ተርቦ የሚያፈገፍግ ሠራዊትም ስንቁን የሚያገኘው ከገበሬ ጎተራ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ወጣት ኋላ ፊታውራሪ መሸሻን ከገባሮቻቸው ጋር አጣልቶ፥ ገበሬዎቹንም ከአበጀ በለው ኋላ አሰልፎ መጻፉ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለንም። ይህ ግምታችን ነው፤ ደራሲው እንዲህ ብለዋል ማለታችን አይደለም።

ምርኮኞቹ ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ሐዲስ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው ቆይተው በ1936 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ። (ራስ እምሩም ከምርኮ ተመልሰው «ፊታውራሪ በላይ» የተባለ ልብ ወለድ መጻፋቸውን ልብ ይሏል፤ አንድ ወንዝ ሁለት ደራሲ ሰጠን።) ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፥ የትምህርት ሚኒስትር፥ በለንደንም አምባሳደር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ጦርነቱ ግን አይተርክም። ሐዲስ ወደ ዘመቻውና ወደ ምርኮው በጽሑፍ የተመለሱት በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» ነው፤ ጎጀብ ዳር ከተያዙ 56 ዓመት በኋላ።